“በነጻ ተሰናበተ” ማለት ንጹህ ነው ማለት አይደለም እንዴ?

የማርቆስ ልጅ፦

ሰላም ያገሬ ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሲያዩት የቃላት ክርክር ይመስላል፣ እኛን ግን እንቅልፍ እየነሳን ነው።

ታናሽ ወንድሜ ደብረ ማርቆስ ባጃጅ ይነዳ ነበር። አንድ ተሳፋሪ “ቦርሳዬ ከነብሩ ባጃጁ ውስጥ ቀረ፣ እሱ ነው የወሰደው” ብሎ ከሰሰው። ታሰረ፣ በዋስ ወጣ፣ ከዚያ ቀጠሮ ለቀጠሮ ሲመላለስ ከረመ። የባጃጁ ባለቤትም ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጠው። በመጨረሻ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰሙና ዳኛዋ “መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ይሰናበት” አሉ። እናታችን እዚያው ችሎት ውስጥ እልል ልትል ስትል አፏን ያዝናት። ቤት ስንደርስ ድፎ ተቆረሰ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ በቃ ተገላገልን አልን።

አልተገላገልንም። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ተጠርተን ሄድን። ቤቱን ሰው ሞልቶታል። ወንድሜ ገብቶ ዱካው ላይ ገና ከመቀመጡ ሴትዮዋ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቻርጅ ላይ ያለውን ስልኳን ነቀለችና መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ሃያ ምናምን ፐርሰንት ነበር፣ ስክሪኑ ሲበራ አይቻለሁ። እሱም አይቷል። አቦሉን ጠጣ፣ ቶናውን ሳይጠብቅ “ሥራ አለብኝ” ብሎ ወጣ። ሥራ እንደሌለው እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል።

በማግስቱ ደግሞ አንድ የማከብራቸው ትልቅ ሰው መንገድ ላይ አስቆሙኝና “ልጄ፣ ነጻ ወጣ ማለት ንጹህ ነው ማለት አይደለም፣ ማስረጃ ጠፋ ማለት ነው” አሉኝ። በክፋት አይደለም፣ የሚመክሩኝ መስሏቸው ነው። መልስ አጣሁ።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። ንጹህ የሚባለው ማን ነው? ያላደረገ? ፍርድ ቤት የለቀቀው? ወይስ ጭራሽ ክፋት የማያውቅ ሰው? እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ “ልጄ የዋህ ነው፣ እንኳን የሰው ገንዘብ የራሱንም አያውቅ” ትላለች። ወንድሜ እንዲህ ስትል ይናደዳል። “የዋህ ስለሆንኩ አይደለም፣ ስላላደረግሁ ነው” ይላል። ሕግ የምታውቁ፣ የቤተ ክህነት ትምህርት ያላችሁ፣ እስቲ በሉኝ።

ጠበቃ ከባሕር ዳር፦

ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

“ማስረጃ ጠፋ እንጂ” የሚል ሰው ልጁ ጥፋተኛ ነው ከሚል ተነስቶ ነው ማስረጃ ፍለጋ የሚሄደው። ሕጉ የሚነሳው ከወዲያኛው ጫፍ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ በተከሰሰበት ወንጀል እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው ይላል። ልብ በሉ፣ ይሄ ገና ክርክር ላይ እያለ ነው። ታስሮም፣ ካቴና እጁ ላይ ሆኖም። ዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫም እ.ኤ.አ. በ1948 በአንቀጽ 11 ያንኑ ብሏል። ታዲያ ክርክር ላይ እያለ እንኳ እንደ ጥፋተኛ መቆጠር ያልነበረበት ሰው፣ ከተሰናበተ በኋላ በምን ሂሳብ ግማሽ ጥፋተኛ ይሆናል?

ንጹህ መሆኑን ማስረዳት የእሱ ሥራ አይደለም። ማድረጉን ማስረዳት የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለው። አላደረግሁም የሚለውን ነገር በምን ታስረዳዋለህ? እኔ ባለፈው ወር ከማንም ኪስ ምንም እንዳልወሰድኩ ምስክር አምጣ ብትለኝ ከየት አመጣለሁ? ማንም አያመጣም። ስለዚህ ሸክሙ ከሳሽ ላይ ተደረገ።

ሌላው፣ ሰው ሁሉን ነገር “ወጣ” በሚል አንድ ቃል ይጠቀልለዋል። በዋስ የወጣ ሰው ጉዳዩ አላለቀም፣ ከውጭ ሆኖ ይከራከራል ማለት ነው። ዐቃቤ ሕግ ክሱን ያነሳለት ሰው ፍርድ አልተሰጠውም። በይቅርታ የወጣ ጥፋተኛ ተብሎ የተፈረደበት ነው፣ ቅጣቱ ነው የቀረለት። በነጻ የተሰናበተ ግን ክሱ ተመዝኖ የወደቀለት ሰው ነው። እነዚህን ሁሉ “ከእስር ወጣ” ብሎ አንድ ላይ ማውራት የወንድምህን ፍርድ መብላት ነው።

እሱ ላይ የተሰጠው ደግሞ ከሁሉም የጠነከረው ነው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አሰምቶ ሲጨርስ ዳኛው ቆም ብሎ ይመዝናል። የቀረበው ነገር ተከሳሹ ምንም ባይመልስ ሊያስቀጣው የሚችል ከሆነ “ይከላከል” ይባላል፣ አንቀጽ 142 ነው። ካልሆነ ግን በአንቀጽ 141 እዚያው በነጻ ይሰናበታል። ወንድምህ አፉን ሳይከፍት ነው የተሰናበተው። ተከራክሮ አምልጦ አይደለም፣ የሚከራከርበት ነገር አልቀረበበትም።

አንድ ነገር ግን አልዋሽህም። ፍርድ ቤት ሰማይ ላይ ተቀምጦ ሁሉን አያይም። ዳኛዋ የመዘኑት የቀረበላቸውን ነው እንጂ ባጃጁ ውስጥ አልነበሩም። ሽማግሌውም ይቺን ይዘው ይሆናል። ግን እሳቸውም ባጃጁ ውስጥ አልነበሩም፣ ሴትዮዋም አልነበረችም። ቢያንስ ዳኛዋ ምስክሮቹን በመሐላ ሰምተዋል፣ ሰፈሩ የሰማው ወሬውን ነው።

ነጋዴ ነኝ ቡሬ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልስማማም። ሕጉን አከብራለሁ፣ ጠበቃውም ጥሩ አስረድቷል። ግን “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚለው ተረት ዝም ብሎ አልመጣም። ከሱቄ ዕቃ ሲያወጣ በዓይኔ ያየሁት ልጅ ነበር፣ ተከሶ ሌላ ምስክር ጠፋና ወጣ። ዛሬም በሱቄ በር ያልፋል፣ “ጋሼ ሰላም ነው” ይለኛል። እሱን ንጹህ ነህ ልበለው?

ፍርድ ቤት ሰው ያስራል፣ ስለዚህ ይጠንቀቅ፣ ልክ ነው። እኔ ግን ማንንም አላስርም፣ ንብረቴን ነው የምጠብቅ። ሴትዮዋ ስልኳን ብታነሳ የራሷ ስልክ ነው፣ የማንን መብት ነካች? እሳት በሌለበት ጭስ የለም።

አያ ከቢቸና፦

አንተ ነጋዴው፣ ልጄ፣ ያልከው ነገር ገብቶኛል፣ እኔም ተሰርቄ አውቃለሁ። ግን ይህ ጭስና እሳት የምትለው ነገር በኛ አገር ስንት ቤት እንዳፈረሰ አልሰማህም መሰለኝ።

ድሮ አውጫጭኝ የሚባል ነበር፣ አፈርሳታም ይሉታል። ከብት ሲጠፋ ወይም ሰው ሞቶ ሲገኝ አገሬው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ በእርሻ ጊዜም ቢሆን ወደ ሥራው የሚመለስ የለም። አልወጣ ካለ ዕዳው ለአገሬው ይካፈላል። ያላደረገው ካደረገው እኩል ይከፍላል ማለት ነው። መልካም ጎን አልነበረውም አልልም፣ ሌባ መደበቂያ ያጣበት ጊዜ ነበር። ግን ሁሉም ሰው ተጠርጥሮ ነው የሚውል፣ ሰውም ከሜዳው ለመገላገል ሲል የጠላውን ይጠቁም ነበር።

ሌባ ሻይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። እኔ አልደረስኩበትም፣ አባቴ ናቸው የነገሩኝ። ክፉ ደግ ያልለየ ትንሽ ልጅ ይመረጣል፣ ንጹህ ስለሆነ የተሰወረው ይታየዋል ተብሎ። የሚያሰክር ነገር ያጠጡታል፣ ወገቡን በገመድ አስረው ከኋላ እየያዙ ይለቁታል። ልጁ እየተንገዳገደ በየቤቱ ይሄዳል። ሰው በየደጃፉ ቆሞ ወደኔ እንዳይመጣ እያለ ይሳላል። ልጁ ደክሞት ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ ማለት ነው፣ የጠፋውን ይከፍላል። አባቴ ይሄን ሲነግሩኝ የሚያሳዝናቸው ባለቤቱ ብቻ አልነበረም፣ ልጁም ነው። የልጁን ንጽሕና ወስደው የሌላውን ሰው ንጽሕና አጠፉበት። ልጁ ሲነቃ ምን እንዳደረገ እንኳ አያውቅም።

የደም ነገርማ አይወራም። አንድ የማውቀው ሰው ወንድሙ ሰው ገድሎ ጠፋ። እሱ በዚያ ቀን ራቅ ካለ ማሳ አረም ላይ ነበር፣ አገር ያውቃል። ግን የሟች ወገን ገዳዩን ሲያጣ የሚፈልገው ቅርቡን ነው። ያ ሰው ዓመታት ገበያ ሲወጣ ሰው መሃል እየገባ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ ኖረ። በኋላ ሽማግሌ ገባ፣ ቄሶች መስቀል ይዘው መጡ፣ ደም ይድረቅ ተባለ። የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሲጠይቅ እሱም ከነሱ ጋር ድንጋይ ተሸከመ። አጠገቡ ነበርኩ። ላቡ ፊቱ ላይ እየወረደ “ማሩኝ” ሲል ሰማሁት። ምን አድርጎ? ምንም። ለሰላም ሲል ነው ያደረገው፣ እኛም ለሰላም ሲል ተቀበልነው፣ ግን ያን ቀን ከመሃላችን አንድ ሰው እንኳ “አንተ ከደሙ ንጹህ ነህ” አላለውም። እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ነጋዴ ነኝ ቡሬ፦

አያ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ይሄን ሁሉ አላውቅም ነበር። ግን ሌባ ሻይንና ስልክ ማንሳትን አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ትንሽ የበዛ አይመስልዎትም?

እታለም ከሞጣ፦

እኔ ልመልስልህ ወንድምዓለም። ሚዛኑ ቀላል ነው። ያቺ ሴት ከክሱ በፊት ወንድምየው ሲገባ ስልኳን ታነሳ ነበር? ሰው ሁሉ ሲገባ የምታነሳ ከሆነ ጠባይዋ ነው፣ ምንም አይባልም፣ ንብረት ይጠበቃል። እሱ ሲገባ ብቻ ያነሳች ከሆነ ግን ያስነሳት ክሱ ነው። ክሱ ደግሞ ወድቋል። በወደቀ ክስ ነው ሰውየውን ቤቷ ውስጥ እየቀጣችው ያለች።

ያንተን ሱቅ ነገር ደግሞ ከዚህ ጋር አታምታታው። አንተ በዓይንህ አይተሃል። ያየ ሰውና የሰማ ሰው አንድ አይደሉም። “ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት” የሚባለውስ ለምንድን ነው? እሷ ምንም አላየችም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጥያቄው ትንሽ ይወጣል ግን ይመለሳል። ንጹህ የሚለው ቃል በኛ በሴቶች ላይ ሲሆን ትርጉሙ ይለወጣል። እዚህ አገር “ንጹህ ልጅ ናት” ሲባል አልሰረቀችም፣ አልዋሸችም ማለት አይደለም፣ ወንድ አታውቅም ማለት ነው። ሠርግ ላይ ብር አምባር ሰበረልሽ ተብሎ የሚዘፈነው ለዚህ ነው። ለወንዱ የሚዘፈን የለም። ተደፍራ እንኳ “ንጽሕናዋን አጣች” ይላሉ። እሷ ምን አጠፋች? ያጠፋው እሱ፣ ንጹህነቱ የተወሰደባት እሷ። በዚህ ስም ሰው እንዳያበላሻት ተብሎ ስንት ልጅ ገና ጡቷ ሳያጎጠጉጥ ተድራለች። ሕጉ 18 ዓመት ካለ ቆይቷል፣ ግን “ሳትበላሽ” የሚለው ቃል ከሕጉ ይልቅ ይሰማ ነበር።

ስለዚህ የማርቆሱ ልጅ፣ ወንድምህ የተናገረው ትልቅ ነገር ነው። “ስላላደረግሁ ነው” ነው ያለው። እኔም የምፈልገው እሱን ነው፣ ሰው በሠራውና ባልሠራው ይጠየቅ፣ በደረሰበት ነገር አይጠየቅ።

ተማሪ ከጎንጅ፦

ስለ የዋህነት የተጠየቀውን ልሞክር። የኔታ ይሄን ቃል ስንሳሳትበት ይቆጡ ነበር።

ዛሬ “የዋህ” ስንል ግማሹ ሞኝ ማለታችን ነው። ገበያ ላይ ሚዛን የሚሸውዱት ገበሬ የዋህ ይባላል። በመጽሐፉ ግን እንዲህ አይደለም። ወንጌል “እንደ እባብ ልባሞች እንደ ርግብም የዋሆች ሁኑ” ነው የሚለው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ነው ያዘዘው። የዋህ ማለት ተንኮሉን ማሰብ ያቃተው ሳይሆን፣ ማሰብ እየቻለ በልቡ ያላስቀመጠው ነው። ሕፃን የዋህ ነው፣ ገና ስላላወቀ። ጻድቅ የዋህ ነው፣ አውቆ ስለተወ። ሁለተኛው ይከብዳል።

እና እናትህ ስለ ጠባዩ ነው የምትመሰክረው፣ እሱ ስለ ሥራው ነው የሚመልሰው። ሁለቱም አልዋሹም። ግን የእናትህ አነጋገር አንድ አደጋ አለው፣ ነገ ልጁ አንድ ብልጠት ቢታይበት “የዋህ አይደለም እኮ፣ አይ፣ ሰርቆ ነበር ማለት ነው” ይባላል። አራዳ የሆነ ልጅም ከዚህ ቦርሳ ንጹህ ሊሆን ይችላል። ጨዋውም ሊሰርቅ ይችላል።

አያ “ከደሙ ንጹህ ነህ” ያሉት ደግሞ የልብ ነገር ነው። ይሄን ቃል ሁላችንም ስንለው እንውላለን፣ ቢሮም ጠፍቶ ሲፈለግ፣ ቤትም ብርጭቆ ሲሰበር “እኔ ከደሙ ንጹህ ነኝ”። በወንጌል ያለው ጲላጦስ ነው፣ እጁን በውሃ ታጥቦ። “ከዚህ ጻድቅ ሰው ደም ንጹሕ ነኝ” ነው ያለው። እዩት፣ ተከሳሹን ጻድቅ ብሎታል፣ ጥፋት እንዳላገኘበት ተናግሯል፣ ከዚያ ግን ሕዝቡ ስለጮኸ አሳልፎ ሰጠው። የኛ ቤተ ክርስቲያን ጲላጦስን በሰኔ ወር በስንክሳር ታስበዋለች፣ ስለዚህ እንዲሁ አልረግመውም። ግን የዚያን ቀን ያደረገውን ሳስብ የማርቆሱ ሰፈር ይመጣብኛል። ልጁ ምንም እንዳልተገኘበት ሁሉም ያውቃል። ግን የሰው አፍ አለ።

ዜና አንባቢ፦

አንድ ጥያቄ ጣል ላድርግ። ዜና ላይ “ንጹሃን ዜጎች ተገደሉ” ይባላል። እዚህስ ንጹሃን ማለት ምን ማለት ነው? ጥፋት የሌለባቸው ነው ወይስ መሣሪያ ያልያዙ?

ጠበቃ ከባሕር ዳር፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው የሚስተው ነው። በጦርነት ሕግ የሚጠበቀው ሰው ሲቪል ነው። የ1949 የጄኔቫ ስምምነቶችና የ1977 ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች (እ.ኤ.አ. ነው) የሚጠይቁት ሰውየው በውጊያው በቀጥታ ይሳተፋል ወይስ አይሳተፍም የሚለውን ነው። ደግ ነው ወይ፣ ማንን ይደግፋል፣ ልቡ ከማን ጋር ነው አይሉም። እኛ “ንጹሃን” ስንል ለማዘን ብለን ነው፣ ቃሉም ሐዘን አለበት፣ ክፋት የለውም። ግን ውስጡ አንድ ክፍተት አለ። አንዱ ተነስቶ “እነሱ እኮ ንጹህ አይደሉም፣ እነ እገሌን ያበሉ ነበር” ሊል ይችላል፣ ሰው ደግሞ ይሄን እንደ መልስ ይቀበላል። መልስ አይደለም። ለእንግዳ እንጀራ የሰጠች እናት ሲቪል ናት። ያልታጠቀ፣ የማይዋጋ ሰው ለመኖር ንጹህነቱን ማስመርመር የለበትም።

መምህር ከዳንግላ፦

በአጭሩ ስለ ልጆች። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጭራሽ አይነካም። ከ9 እስከ 15 ያለውን እንደ ትልቅ ሰው አይቀጣም፣ ለሱ የተለየ እርምጃ ነው ያለው። ግን ትምህርት ቤት ውስጥ እርሳስ ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የምንፈትሸው የድሃውን ልጅ ቦርሳ ነው። አይቼዋለሁ፣ ሌሎቹ ልጆች ሁሉ እያዩ። እርሳሱ በኋላ ከዴስክ ሥር ተገኘ፣ የዚያ ልጅ ቦርሳ መፈተሹን ግን የረሳ ተማሪ የለም። አንድ መምህር ልጆቹ ፊት “አጥፍተናል፣ አንተ አልወሰድክም” ቢለው ስንት ነገር በተስተካከለ።

የማርቆስ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ያያን ታሪክ ለወንድሜ አነበብኩለት፣ ድንጋይ የተሸከመው ሰው ጋ ሲደርስ “ተው አቁም” አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ “ጨርሰው” አለ።

አሁን አንድ ተግባራዊ ነገር ልጠይቅ። አንድ ድርጅት ሾፌር ይፈልጋል፣ ከወንጀል ነጻ የሚል ማስረጃ ከፖሊስ አምጣ አሉት። ሄዶ ሲጠይቅ ስሙ እስካሁን “ክስ ያለበት” ሆኖ ተገኘ። ምን ይሻላል? ደግሞስ ያ ከሳሽ አሁንም በየቦታው “ሌባው” እያለ ይጠራዋል፣ ዝም ይባላል?

ጠበቃ ከባሕር ዳር፦

ይሄ በብዙ ቦታ ያለ ችግር ነው፣ አትደንግጡ። ፍርድ ቤቱ ይፈርዳል እንጂ ወረቀቱ በራሱ እግር ሁሉም ቢሮ አይደርስም። መጀመሪያ ፍርዱን ከሰጠው ችሎት ሬጅስትራር ሄዶ የውሳኔውን ግልባጭ ማኅተም ያረፈበት ያውጣ። አንድ አይበቃም፣ ደጋግሞ ይጠየቃልና በርከት አድርጎ ይያዝ። አንዱን መዝገቡ ወዳለበት ፖሊስ በደብዳቤ አያይዞ ያስገባ፣ የገቢ ቁጥር ተቀብሎ ይመለስ፣ በቃል “እናስተካክላለን” ቢሉት አይውጣ። የዋስትና ገንዘብ አስይዞ ከነበረ እሱም ይመለስለታል፣ በዚያው አመልክቶ ይውሰድ። ስልክ ወይም ሌላ ዕቃ ኤግዚቢት ተብሎ ተይዞበት ከሆነ እሱንም።

ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ የማለት መብት አለው፣ ሥነ ሥርዓት ሕጉ የይግባኝ ማስታወቂያ በ15 ቀን ውስጥ ይላል። ያ ጊዜ ካለፈና ይግባኝ ካልተባለ ፍርዱ የመጨረሻ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 23 በዚህ ነገር ሁለተኛ አይከሰስም። ይሄን ለድርጅቱም በደብዳቤው ላይ መጥቀስ ይችላል።

ከሳሹን በተመለከተ፣ ሕዝብ መሃል “ሌባ” እያለ የሚጠራው ከሆነ ስም ማጥፋት ነው፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 አለ፣ በግል አቤቱታ ይሄዳል። ግን እኔ ብሆን መጀመሪያ ሽማግሌ እልካለሁ። ሦስት ሰው በቂ ነው፣ አንዱ የከሳሹን ወገን የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል። ውሳኔውን ያንብቡለት፣ ሙሉውን፣ ምስክሮቹ ምን እንዳሉና ዳኛዋ ለምን እንዳልተቀበሉት። ብዙ ሰው “በነጻ” የሚለውን ይሰማል እንጂ ፍርዱን አንብቦ አያውቅም።

አያ ከቢቸና፦

ሽማግሌ ካስፈለገ ማርቆስ ዘመድ አለኝ፣ እኔም እመጣለሁ። ሴትዮዋም ቤት እንገባለን፣ ልጁን ይዘን።